ማስተካከያ፦ የአደጋ ብዛት ብቻውን የሳይትን ደህንነት አይለካም

ስለ ድሬዳዋ የግንባታ ሳይቶች ደህንነት ባለፈው በወጣው ጽሑፍ «ብዙ አደጋ የተመዘገበበት ሳይት ከሁሉም አደገኛው ነው» ተብሎ ነበር። ይህ ይስተካከል። ቁጥሩ ከተሠራበት ሰዓት ጋር ካልታየ ሁለት ሳይቶችን ማወዳደር አይቻልም።

በብዙ ቦታ የሚሠራበት ስሌት ይህ ነው። የአደጋው ቁጥር በ200,000 ይባዛል፤ ከዚያ ሠራተኞቹ በጠቅላላ ለሠሩት ሰዓት ይካፈላል። 200,000 የተባለው 100 ሰው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ሲሠራ የሚሞላው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሳቢያን ላይ ያለ ትንሽ ሳይት በ80,000 ሰዓት 2 ሰው ቢጎዳበት ውጤቱ 5 ነው፤ ማለትም ለ100 ሠራተኛ በዓመት 5 ጉዳት እንደማለት። ከዚራ ያለ ትልቅ ሳይት በ400,000 ሰዓት 4 ሰው ቢጎዳበት 2 ይሆናል። በቁጥር የሚያስደነግጠው የከዚራው ነው፤ በምጣኔ ግን የሳቢያኑ ይብሳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ታዲያ መዝገቡ እውነተኛ ከሆነ ነው። የቀን ሠራተኛው ሰዓት ካልተጻፈ፣ የተጎዳውም ጥቂት ብር ተሰጥቶት ቤቱ ከተሸኘ፣ «ዜሮ አደጋ» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ያሳዝናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ መቁጠርም ብቻውን አይበቃም። መወጣጫው በየስንት ቀኑ እንደሚፈተሽ፣ ማንንም ሳይጎዱ ለጥቂት የታለፉ አደጋዎች ይነገሩ እንደሆነ፣ በድሬ ሙቀት ለሠራተኛው ውኃና ጥላ መኖሩም አብሮ ይለካ።