አደይ የእንቁጣጣሽ ጌጥ ብቻ አይደለችም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ "አደይ አበባ ከእንቁጣጣሽ ጌጥነት ያለፈ ትርጉም የላትም" ማለቱን ፈጽሞ አልቀበልም። ገጠር ያደገ ሰው አደይን ከሁሉ በፊት የሚያውቃት በማሯ ነው። እኛ አካባቢ ንብ አናቢው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀፎውን የሚከፍተው እርሷን ተማምኖ ነው፤ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ካላለበሰች ዓመቱ ለማር ክፉ ነው። ስሟም እንደየአገሩ ነው፦ መስከረም 17 ሲቃረብ ብዙው ሰው የመስቀል አበባ ይላታል፤ በትግርኛ ገልገለ መስቀል፣ በኦሮምኛ ኬሎ ናት። አዲስ አበባ ላይማ ስሙ ከተክሉ ርቆ ሄዷል፤ በሳሪስ በኩል የክር ፋብሪካውም ሰፈሩም አደይ አበባ ተብለዋል፣ ብሔራዊ ስታዲየሙም ይህንኑ ስም ይዟል። በጽሑፉ ሥር "አረም ናት" ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ አዎ፣ እህል መካከል ስትበቅል ገበሬው ይነቅላታል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙም አሉባቸው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ በየዓመቱ የበዓል ካርድ ላይ ነጭ የውጭ አበባ አትሞ "አደይ" ብሎ መሸጥ። እውነተኛዋ እንጦጦ ዳገት ላይ ፈክታ እያለች ፎቶዋን ማንሳት ምን ይከብዳል?