ለተከበሩ ቅጽ 86፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዘመዳችን አልቆጠር ስላለ ማብራሪያ ስለመስጠት

ክቡርነትዎ፣ ከጦሳ ሥር፣ ከደሴ የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ። መቼም አያውቁንም አይባልም። ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሴኩሪቲ ክሊራንስ (የመንግሥት ሚስጥር ለማየት የሚያበቃ ፈቃድ) የሚፈልግ ሥራ አግኝቶ እርስዎን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ ፈቃድ የሚያስሞላውን መጠይቅ፣ መሙላት ከጀመረ ወዲህ፣ የቤተሰቡ ስም፣ ልደት፣ አድራሻና መተዳደሪያ እርስዎ ዘንድ ነው።

ልጁ ድሮ አይደውልም ነበር። ለፋሲካ አንዴ፣ ከበዛ ለእንቁጣጣሽ። እርስዎ ግን "ከእናትህ ጋር በስንት ጊዜ ትገናኛለህ? በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ በየሩብ ዓመቱ፣ በዓመት?" አሉት። እውነተኛው መልስ "በዓመት" ነበር። የልደቷን ቀን ሊጠይቅ ደወለ። ከዚያ የአባታችንን። ከዚያ ጅዳ ያለችው እህታችን ማን ቤት እንደምትሠራ። አሁን መልሱ "በየቀኑ" ሆኗል።

ፈቃዱ የሚሰጥበት መመሪያዎ ደግሞ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ያለው ግንኙነት ላይ ላዩንና አልፎ አልፎ ከሆነ ስጋቱ ይቀላል ይላል። እኛ "ጨካኝ፣ እናቱን የረሳ" ስንለው የኖርነው ልጅ ለካ በእናንተ ዘንድ ምስጉን ኖሯል! ያበላሹት እርስዎ ነዎት።

የእናታችን ልደት ብቻውን ስንት ቀን ፈጀ መሰለዎት። በ66ቱ ድርቅ ማግሥት ነው፤ ክረምቱ ገብቷል፤ ሚካኤል አልፏል። የትኛው ሚካኤል በሚለው ላይ ጎረቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ደግነቱ "በግምት" የምትል ሳጥን አለችዎት። ለእኛ ሰፈር ብለው ያስገቧት ትመስላለች። የቤት ቁጥር ላሉትም፣ ከሸዋ በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ማንንም ቢጠይቁ ያሳይዎታል።

በፓስፖርቱ ነገር አንወቅስዎትም። ድሮ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው አስረክብ ወይም አጥፋው ይባል ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ አላላው፤ መያዙ ብቻውን አይጥልም፣ ጣጣው መደበቁ ነው። በእኛም በኩል፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። የወንድሜ ነገር በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ተዘግቷል። እንግዲህ ሁለት መንግሥት ተስማምቶ የእኛ አይደለም ያለውን ልጅ መልሰው የእኛ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። በፓስፖርት ተለቀቀ፣ በአክስት ተያዘ።

አክስት ካልን፣ እዚህ ቤት ጠብ አስነስተዋል። በክፍል 18 የዘመድ ዝርዝር ውስጥ እንጀራ እናት አለች፣ አማት አለች፣ አክስት ግን የለችም። አክስታችን ይህን ስትሰማ "እንጀራ እናት ተጽፋ እኔ ልቀር?" ብላ አኮረፈች። ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ክፍል 19 እንደምትገባ ተነግሯት ታረቀች። እዚያ ባለፉት 7 ዓመታት "በፍቅር፣ በተጽዕኖ፣ በጋራ ጥቅም ወይም በግዴታ" የተሳሰረን የውጭ ዜጋ ሁሉ ጻፍ ይላሉ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ እኮ ወሎ ነው! ያባታችን ወገን እስላም፣ የእናታችን ክርስቲያን፤ በአረፋም በፋሲካም አብሮ የሚበላ ሰው ነው። አበ ልጁ፣ የጡት ልጁ፣ እድርተኛው አለ። ከግዴታ ነፃ የሆነ ሰው ካገኙ ለእኛም ያሳዩን።

አጎታችን በበኩሉ "እኔን ዝለለኝ፣ ስሜ አሜሪካ ምን ይሠራል?" ብሎ ነበር። እንቢ አልነው። ልጁን የሚጥለው ዘመድ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ እያወቀ መዝለሉ ግን ጉድ ያፈላል።

አንዱን ጥያቄዎን ግን ወደነዋል። "ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ?" የምትለዋን። ወንድሜ "አዎ" ብሎ ሲመልስ የጅዳዋ እህታችን መስመር ላይ ነበረች። "ለማን?" አለችው።

ከአክብሮት ጋር፣
ታላቅ ወንድም (ክፍል 18)

ግልባጭ፦
ለእናታችን
ለአክስታችን (ክፍል 19፣ እንዳታኮርፍ)
ለአጎታችን (እንዲያውቀው)