ከአልማዝ እስከ ሶሊያና

አዲስ አበባ ውስጥ የሴትን ዕድሜ መጠየቅ ነውር ነው። ደግሞም አያስፈልግም፤ ስሟን መስማት ይበቃል። መሀል ከተማ ካሉት ጤና ጣቢያዎች አንዱ ገብታችሁ ወረፋ ያዙና ስም ሲጠራ አድምጡ። «በለጥሻቸው!» ሲባል ከዘራ ይነሳል። «አልማዝ!» ሲባል የደም ግፊት መድኃኒት የያዘ የእጅ ቦርሳ ይነሳል። «ትዕግስት!» ሲባል የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ በስልኳ ስትደምር የነበረች እናት ትነሳለች። «ሶሊያና!» ሲባል ግን የሚነሳ የለም። ሶሊያና ገና መቆም አልጀመረችም፤ የመጣችው ለክትባት ነው።

የአያቶቻችን ስም ሥራ ነበረው። ከጎረቤት የተቀያየመ ሰው ልጁን «አስናቀች» ይላታል። ከዚያ በኋላ ክስም ሽምግልናም አያስፈልገውም። ጠዋት ማታ በአጥሩ በኩል «አስናቀች! ኧረ አስናቀች!» እያለ መጣራት ነው። ጎረቤትየውም ዝም አይልም። በዓመቱ ሴት ልጅ ሲወልድ «በላይነሽ» ይላታል።

ከዚያ አልማዝ፣ ሂሩት፣ ገነትና አስቴር ከተማውን ሞሉት። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም አዲስ አበባን ጎብኝታ ነበር። በዚያ ሰሞን የተወለደች ኤልሳቤጥ ካወቃችሁ እናቷን ጠይቁ። «ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው ያወጣሁት» ብለው ይምላሉ። እንመናቸው።

1966 ላይ አብዮቱ መጣና ስምም ሰልፍ ወጣ። በማግስቱ የእድገት በህብረት ዘመቻ ሲታወጅ እድገት የምትባል ሕፃን ማግኘት ብርቅ አልነበረም። ግን የዚያን ዘመን የቤት ውስጥ ወሬ ማወቅ የፈለገ የእህትማማቾችን ስም በተራ ይጥራ። አባት ቀበሌው እንዲሰማለት የመጀመሪያዋን «አብዮት» አለ። እናት ሁለተኛዋን «ሰላማዊት» አለች። ሦስተኛዋ ስትመጣ ሁለቱም ደክሟቸው «ትዕግስት» አሏት።

ቀጥሎ የመጣው የቤቲ ዘመን ነው። ቤተልሔም ቤቲ ብትባል ማንም አይከፋውም። ኤልሳቤጥም መብቷ ነው። ግን ብርቱካንም ቤቲ ሆነች፤ ብዙነሽም ቤቲ ሆነች፤ አበበችም ሳትቀር ቤቲ ነኝ አለች። ካዛንቺስ አንዱ ቢሮ ገብታችሁ «ቤቲ» ብላችሁ ብትጣሩ ከገንዘብ ያዥዋ እስከ ቡና አፍዪዋ ቀና ይላሉ። ጥሩነሽ ደግሞ ቲና ሆና ከርማ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ስታመጣ ስንቷ ቲና ሙሉ ስሟን መልሳ እንደወሰደች ቤቷ ይቁጠረው።

ወርቁ ለሆስፒታልም ተርፏል። አቃቂ ቃሊቲ ያለው ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ይባላል። እዚህ መሀል ከተማ ደግሞ ዘውዲቱ አለ። በዘውዲቱ ሆስፒታል በየቀኑ ሴቶች ልጆች ይወለዳሉ፤ ዘውዲቱ የምትባል ግን አይወጣቸውም። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል የተሞሸሩ ጥንዶችም ልጅ ሲወልዱ ጣይቱን ለሆቴሉ ይተዉለታል። የሴት አያቶቻችን ስም ክብሩ ጨምሯል። ለሕንፃ ይሰጣል፣ ለባህል ምግብ ቤት ይሰጣል፣ ለበርበሬ መሸጫ ይሰጣል። ለሕፃን ሲሆን ብቻ «ኧረ በፈጠራችሁ!» ይባላል።

የአሁን ወላጅ የሚፈልገው ሌላ ሰው የሌለውን ስም ነው። እናት ስልኳን ይዛ ዘጠኝ ወር ትፈልጋለች። ሶሊያናን ታገኛለች። ለማንም አትናገርም፤ ለእህቷም ቢሆን። ልጅቷ አድጋ መዋለ ሕፃናት ስትገባ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሶሊያና፣ ሁለት ኤልዳና፣ ሁለት ሔመን ይጠብቋታል። መምህርቷ ግራ ሲገባት በአባት ስም ትለያቸዋለች፦ «ሶሊያና የሽብሩ፣ ሶሊያና የደምሴ።» ብርቱ ጥረት ሽብሩ ጋ አለቀ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። የፋጡማ ልጅ ሰሚራ ናት፤ የሰሚራ ልጅ ደግሞ ሒክማ ከሚባሉት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተራ ትጠብቃለች።

አያት በዚህ ጉዳይ አይከራከሩም። «ማን አላችኋት?» ይላሉ።

«ሊያ፣ እማዬ።»

«ማለፊያ ነው። እኔ ማንጠግቦሽ ብያታለሁ።»

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ ወለተ ማርያም ይጨምሩላታል። ሊያ ይህን ሁሉ ስም ተሸክማ ገና ጥርስ አላበቀለችም።

ሊያ የተባለችው ግን ታስቦበት ነው። አባቷ «ነገ ውጭ አገር ብትሄድ ፈረንጅ እንዳይቸገር» ብሎ ነው። ገና ለዲቪ ያልደረሰች ልጅ! ደግነቱ የእኛ ስም ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እንደ ሊፍት ቁልቁል ይወርዳል፤ ፓስፖርት ላይም የቤተሰብ ስም ቦታውን የሚይዘው አያት ነው። አንድ ቀን ሊያ ሻንጣዋን እየጎተተች ዋሽንግተን ትደርሳለች። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ፓስፖርቷን ይገልጣል። ሊያን አያያትም። ጉሮሮውን ይጠርግና «ሚስ ገብረእግዚአብሔር» ለማለት ይነሳል። «ገብረ» ላይ ሲደርስ ሻይ ዕረፍት ይወጣል።