አሥር ሰው እስኪሞላ

ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ። አይሁዳዊት ናቸው። ሕንፃችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባለው ሰፈር ነው። አሳንሰሩ ሲበላሽ የገዙትን ዕቃ ተሸክሜ አወጣላቸው ስለነበር እንግባባለን። ባለፈው የብርድ ወቅት አንድ አርብ ማታ በሬን አንኳኩና «ዛሬ ሰው ይበዛብኛል፣ ወንበር ታውሰኛለህ?» አሉኝ። አራቱንም ወንበሮቼን ይዤ ወጣሁ። አስቀምጬ ልመለስ ስል «ወንበሮችህ እዚህ ከሆኑ አንተ የት ልትቀመጥ ነው?» ብለው አስቀሩኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሻማ፣ ወይን፣ በጨርቅ የተሸፈነ የተጎነጎነ ዳቦ ነበር። የሰንበት መግቢያ ነው። ሁሉም ከቤቱ አንዳንድ ምግብ ይዞ መጥቷል። ሥጋ ግን የለም። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ከመካከላቸው ኮሸር የሚባለውን የአይሁድ የምግብ ሕግ አጥብቆ የሚጠብቅ አለ፣ የማይጠብቅም አለ። ሥጋ ከመጣ አንዱ መብላት ሊያቅተው ነው። አትክልትና ጥራጥሬ ከሆነ ግን ሁሉም ካንድ ገበታ ይበላል። ልጅ ሆኜ ኮልፌ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚበላው ሽሮና ምስር ነበር።

ማንም «አንተ ደግሞ ማነህ? አይሁዳዊ ነህ?» አላለኝም። «ሳህን ከዚያኛው ቁም ሣጥን አውጣልን» ነው ያሉኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርን። ሰዎቹ በር በሩን ያያሉ። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት እናታቸው ከሞቱ ገና ሦስት ወራቸው ነው። በአይሁድ ሥርዓት ወላጅ የሞተበት ሰው ለአሥራ አንድ ወር «ቃዲሽ» የሚባለውን ጸሎት ያደርሳል። ጸሎቱ ግን ብቻውን አይጸለይም። አሥር ሰው መሙላት አለበት። አሥሩ «ሚንያን» ይባላል። እኔ ቤቱን ቆጠርኩ። ከእኔ ጋር አሥር ነን። ጎረቤቴ አይኔን አይተው ሐሳቤን አወቁት። ጠጋ ብለው «አንተ እንግዳችን ነህ፤ ለዚህ ጸሎት የሚቆጠረው ግን አይሁዳዊ ነው» አሉኝ።

አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። የእኔ ያልሆነውን ያንተ ነው ብለው አልሸነገሉኝም። ገበታው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ጸሎቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። እኔም ያደግሁት ቅዳሴና ድግስ የተለያዩ መሆናቸውን እያወቅሁ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ገባች። ለሁሉም «ሻባት ሻሎም» አለችና እኔን ስታይ ቆም ብላ በአማርኛ «ሐበሻ ነህ?» አለችኝ። እስራኤል፣ ናታኒያ ነው የተወለደችው። ቤተሰቧ ከጎንደር ነው። አያቷ ቄስ ነበሩ። ቤተ እስራኤሎች የሃይማኖት አባታቸውን እንደኛው «ቄስ» ነው የሚሉት። አንዱ ከጥግ «አሥር!» አለ። አዛውንቱ ተነሥተው ቃዲሹን ጀመሩ። ሁላችንም ቆምን።

ያን ጊዜ የገባኝ ጥቂቱ ነበር። ትልቁ ነገር የገባኝ በኋላ ሳነብና ስጠይቅ ነው። ያቺ ልጅ አሥረኛ ሆና እንድትቆጠር ሁለት ረጅም ትግል አልፏል። አንደኛው የሴቶቹ ነው። በቆየው ሥርዓት ሚንያን ማለት አሥር ወንድ ነው። ኦርቶዶክስ በሚባሉት አጥባቂ አይሁዶች ዘንድ ዛሬም እንዲሁ ነው። ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው የአሜሪካ አይሁድ ክፍል ሴቶች እንዲቆጠሩ የፈቀደው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ነው (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ቀኖችና ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፤ ያውም ወጣት ሴቶች ተሰብስበው ከጠየቁ በኋላ። ሁለተኛው የእኛዎቹ ነው። የሚገርመው፣ ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤሎች አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑትም በዚያው በ1973 ነው። ሆኖም ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሱዳን በኩል ብዙ መከራ አይተው እስራኤል ሲደርሱ፣ ሊጋቡ ሲሉ ለጥርጣሬ ማጥፊያ ተብሎ ውኃ ውስጥ ገብተው እንዲወጡ ተጠየቁ። እንደ አዲስ ገቢ ማለት ነው። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጥተው ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በጎንደር፣ አምቦበር ተራራ ላይ ያከብሩት የነበረው ሲግድ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል የሆነው በ2008 ነው።

እዚህ ሳሎን ውስጥ ግን «አሥር!» ለማለት አንድ ሰኮንድ አልፈጀም።

እንዲህ ያለ የሳሎን ጉባኤ «ሐቩራ» ይባላል። ቃሉን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ማኅበር፣ ኅብረት ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ነገሩ በአሜሪካ የተስፋፋው ከ1968 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ቦስተን አጠገብ ወጣቶች «ሐቩራት ሻሎም» የሚባለውን መሠረቱ። ትልልቆቹ ምኩራቦች ቀዝቅዘውባቸው ነበር። ሰው እንደ ቲያትር ተመልካች ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ረቢው ይናገራል፣ ያልቃል። የዓመቱ የአባልነት ክፍያም ቀላል አይደለም፤ ብዙ ቦታ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። እነሱ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የሚያውቀው ላላወቀው አስተማረ።

የዋሽንግተኑ ታሪክ ደግሞ እኛን በቅርብ ይነካል። ሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ከተማዋ ተቃጠለች። ወታደር መንገዱን ሞላው። በሳምንቱ የአይሁድ ፋሲካ ደረሰ። አርተር ዋስኮው የሚባል ሰው ለበዓሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ መትረየስ ወደ መንገዱ ተደግኖ አየ። ከፈርዖን ባርነት የመውጣቱ ታሪክ በዚያ ቀን አዲስ ሆኖ ታየው። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1969፣ ሊንከን ቴምፕል በሚባል የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የነጻነት ሰደር» ተደረገ። ሰደር የፋሲካው ማዕድ ነው። 800 ያህል ሰው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አይሁድና ክርስቲያን አብሮ ተቀመጠ። በማዕዱ መጀመሪያ «የተራበ ሁሉ ይምጣና ይብላ» የሚል ጥንታዊ ቃል አለ። ያን ቀን ቃሉ እንደተነገረው ተፈጸመ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ «ፋብራንገን» የሚባለው የዋሽንግተን ሐቩራ ተመሠረተ። ሊንከን ቴምፕል ሾው ሰፈር ነው። እኛ ክትፎ የምንበላባቸው የዘጠነኛው ጎዳና ምግብ ቤቶች በእግር ቅርብ ናቸው። ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ ይህን አላውቅም ነበር።

በር መክፈት ግን ቀላል አይደለም። በ2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰው በጥይት ተገደለ። በ2025 ግንቦት እዚሁ ዋሽንግተን፣ የአይሁድ ሙዚየም ደጃፍ ላይ ሁለት የእስራኤል ኤምባሲ ሠራተኞች ተገደሉ። ዛሬ ብዙ ምኩራብ በር ላይ ዘበኛ አለ። ይህ ፍርሃት እውነት ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ያቺ ልጅ የነገረችኝም እውነት ነው። አንድ ትልቅ ምኩራብ በር ላይ ከነጭ ጓደኞቿ ጋር ስትደርስ እሷ ብቻ ቆመች። «ለምን መጣሽ?» ተባለች። በሰንበት፣ ለጸሎት የለበሰችውን ለብሳ። የጎረቤቴ ማኅበር ለበዓል አዳራሽ ሲከራይ እሱም ዘበኛ ያቆማል። ግን ከዘበኛው ፊት ሁለት አባላት ይቆማሉ። የመጣውን ሁሉ ቀድመው «ሻባት ሻሎም» ይሉታል። ዕብራይስጥ የማያነብ ካለ ጸሎቱ በላቲን ፊደል የተጻፈበትን መጽሐፍ፣ ገጹን ገልጠው ይሰጡታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔ ግን ዋናዋ ነገር እሷ ናት እላለሁ።

አባቴ የኮልፌ እድር ጸሐፊ ነበር። ንጋት ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ብርጭቆ ሁሉ በስሙ ተመዝግቦ ነበር። አዲስ ሰው ሊገባ ሲመጣ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቤትህ የቱ ጋ ነው?» ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው አብሮ ይቀብር ነበር። ሰፈር ይበቃ ነበር።

እዚህ የመጣን ጊዜም እንዲሁ ነበርን። ቁጥራችን ጥቂት ስለነበር ሐበሻ መሆን ይበቃ ነበር። ስንበዛ ተከፋፈልን። እድሩ በቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በክፍለ ሀገር፣ ከዚያ በብሔር ሆነ። እኔ የነበርኩበት እድር ከአምስት ዓመት በፊት ፈረሰ። ጦርነቱ ሲጀመር ነው። ስብሰባው ላይ የሆነውን አልዘረዝርም፤ ያመኛል። አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ያዋጡ ሰዎች በአንድ ቀን ሰላምታ ተዉ። ዛሬ ወገን ሲሞትብን አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ በስልክ ገንዘብ እንሰበስባለን። ገንዘቡ ይሞላል። ለቅሶ ቤቱ ግን ባዶ ነው።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ምክር አልሰጡኝም። «በዚህ ሕንፃ ስንት ናችሁ?» ብቻ አሉኝ። አላውቅም ነበር። ቆጠርኩ። በሕንፃችንና ፊት ለፊት ባለው አሥራ አራት የእኛ ሰው ቤት አለ። ሁለቱ ሙስሊም ናቸው፣ አንዱ ጴንጤ፣ አንዷ ከአሥመራ። የሁሉንም በር አንኳኳሁ። ሁለቱ ገና ሳልጨርስ «የእነማን እድር ነው?» አሉኝ። «የሕንፃው» አልኩ።

ባለፈው እሑድ ቤቴ ተሰበሰብን። ሽሮ ሠራሁ። ደብተሩ ላይ ስምና የቤት ቁጥር ብቻ ጻፍን። መዋጮውን በወር 20 ዶላር አደረግነው፣ ለሌለው በየሁለት ወሩ። መጀመሪያ የተስማማነው ግን ስለ ገንዘብ አይደለም። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ሦስት ቀን ያለ ሰው እንዳያድር ነው።

ሰው ሲገባ አራቱ ወንበሮቼ አልበቁም። ወደ ላይ ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። «አሥር ሞላችሁ?» አሉኝ በሩን ሲከፍቱ። «ሰባት ነን፣ ጀምረናል» አልኳቸው። ሦስት ወንበር ሰጡኝ፣ አንዱን እሳቸው ይዘው ተከተሉኝ።