ምን ይሆናል

ትናንት ከሰዓት ጎረቤቴ በአጥሩ አንገታቸውን አሻግረው ለውሻዬ ለቦቢ ቋንጣ ሲወረውሩ ደረስኩባቸው። "ኧረ ጋሼ ይተዉት፣ ጨው አለው እኮ" ስላቸው "ውሻ አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?" አሉኝ።

ይቺን "ምን ይሆናል" በደንብ ነው የማውቃት። አምና መሰላሌን ሲዋሱም "አሁን እመልሰው የለ፣ ምን ይሆናል" ብለው ወስደው በስምንተኛው ቀን ሁለት እርከን ጎሎት መጣ፣ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ "ችግር የለም ጋሼ" አልኩ። ችግርማ ነበረ!

ቋንጣ እኮ በጨውና በበርበሬ የታሸ ስጋ ነው። በዚህ በአዳማ ፀሐይ ኩምትር ብሎ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ግን የት ይሄዳል? እዛው ነው። ውሻ ደሞ ጨው ሲበዛበት መጀመሪያ ይጠማዋል፣ ከዛ ያስመልሰዋል፣ ከባሰ ይንገዳገዳል፣ ይንዘፈዘፋል። በርበሬው ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አለ፣ እነሱ የውሻን ቀይ የደም ሴል ነው የሚያፈርሱት፣ ቢደርቁም ቢፈጩም ያው ናቸው፣ ምልክቱ ደሞ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ቋንጣውን ማን ያስታውሰዋል?

ጨው ካልን አይቀር፣ "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" የምትለዋን ተረት ስወዳት! ድሮ አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመል ተጭኖ እየመጣ ሰው እንደ ገንዘብ ይገበያይበት ነበር። እስቲ በዛ ዘመን ቢሆን ጋሼ ለውሻ ጨው ይወረውሩ ነበር? ብር መበተን እኮ ነው! ለነገሩ ለሰው ሲሆን ቁጥብ ናቸው። ለፋሲካ ጠርተውኝ በቀረበልኝ የቋንጣ ፍርፍር ውስጥ ሦስት ፍሬ ቋንጣ ቆጥሬያለሁ፣ አዎ ቆጥሬያለሁ፣ ሦስተኛዋም ጅማት ነበረች። ቦቢ ግን በአንድ ከሰዓት እፍኝ ሙሉ! ለውሻው ልዘን ወይስ ለራሴ፣ አሁንም አልለየልኝም።

ብቻ ቦቢ ያውም ውሃ በጠፋበት ሳምንት በጀሪካን ያጠራቀምኩትን ጠጥቶ ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ፣ ውሃ አትከልክለው፣ ካስመለሰው ወይ ከተንገዳገደ ግን ሳትውል ሳታድር አምጣው አለኝ። ሌሊቱን ስድስቴ በር ስከፍትለት አነጋሁ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ፣ ጋሼ ናቸው። "ቦቢ እንዴት አደረ?" ሊሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ መሰላሉን ፈልገው ነው።

ሰጠኋቸው።