ቱሉ ዲምቱ ስትመርጥ

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስመዝግብ፤ የእኛ ብሎክ ነዋሪዎች በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ አልሰጠንም። ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በእማማ ሱቅ በኩል ያለፈ እንግዳ፣ ካርድ አውጥተን፣ ተሰልፈን፣ ጣታችንን ቀለም ነክረን ቆጠራ የምንጠብቅ ሳይመስለው ስለማይቀር ነው። በርጩማ ወጥቷል። ከሰል ተያይዟል። መብራት ድንገት ቢጠፋ በሚል ሁለት ሻማ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ተተክሏል። ለውኃ ፓምፕ መዋጮ ስብሰባ በራችን እየተንኳኳ የማንወጣ ሰዎች፣ ለዋሽንግተን ጉዳይ ማንም ሳይጠራን ከአራተኛ ፎቅ ወርደናል።

ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ መሄድ ሰልችቷት ቁጭ ያለችበት ቦታ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምረው ከአፍንጫችን ሥር ስለሆነ፣ ለመዝናናት የሚወርድ ሰው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል፤ የሚቆም ግን የለም። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ጎረቤታችን የሪፐብሊካኖቹ ቀለም ቀይ፣ የዴሞክራቶቹ ሰማያዊ መሆኑን እስኪያስተምረን ድረስ ይህን ትርጉም ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። ከዚያ በኋላማ «ሰፈሩ ራሱ በስሙ መርጧል» የሚለው ቀልድ ከደረጃ ደረጃ ዞረ። መምህሩ ግን የዴሞክራቶቹ ዕጩ የካማላ ሃሪስ ደጋፊ ነበርና አልሳቀም።

ይህ መምህር ከመስከረም ጀምሮ ስሙ ጠፍቷል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ፔንስልቬንያ» ነው የሚሉት። ውጤቱን ይወስናሉ የሚባሉትን ሰባት ግዛቶች በየምሽቱ በእማማ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋቸዋል። ሲኒው ሚሺገን ነው፤ የሻይ ብርጭቆው ጆርጂያ፤ ክብሪቱ ኔቫዳ። ባለ 19 ድምፅዋ ፔንስልቬንያ ደግሞ ስኳር ዕቃው ናት። አንድ ማታ እማማ ለደንበኛ ሻይ ሊቀዱ መጥተው ስኳሩን አነሱበት።

«እማማ፣ እባክዎን! ያለ እርሷ ማንም አያሸንፍም!»

«እኔም ያለ እርሷ ሻይ አልሸጥም» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ያን ማታ ፔንስልቬንያ የማን እንደሆነች ሳይታወቅ አደረ።

የእነርሱ ምርጫ አሠራር ለእኛ ሰፈር ሰው ከባድ ነበር። ሕዝቡ ይመርጣል፤ ነገር ግን የሚመርጠው መራጮችን ነው። መራጮቹ 538 ናቸው፤ 270 ያገኘ ይነግሣል። ፔንስልቬንያ ይህን ሲያስረዳ ሂላሪ ክሊንተን እኤአ በ2016 ተፎካካሪዋን ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ በልጣ መሸነፏን ጠቀሰ። የብሎካችን ጥበቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ነበር።

«በልጦ መሸነፍ አልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይህስ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ሰው መቶ በመቶ ቆጥቦ ቁልፉን ሌላ ይወስዳል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የምርጫው አሠራር የከበደው የብሎካችን ነዋሪ የለም።

ጋሼ ከአሜሪካ ጋር የቆየ ቂም አላቸው። በኪሳቸው የምትገባ ሬዲዮ አለቻቸው፤ ያኔ ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅን ያዳምጡባት ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሜሪካን ድምፅ ሰምቻለሁ» ይላሉ፤ «እነርሱ የእኔን ድምፅ አንድ ቀን እንኳን አልሰሙም።»

የራሳችን ፕሬዚዳንትም የተመረጡት ከዚህ ምሽት አንድ ወር ቀደም ብሎ ነበር። መስከረም 27 ቀን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ታዬ አጽቀ ሥላሴን መረጡ፤ የሣህለ ወርቅ ዘውዴ ስድስት ዓመት አብቅቶ ነበርና። ያን ዕለት በእማማ ሱቅ በር ላይ በርጩማ አልወጣም፤ ከሰልም አልተያያዘም። ጋሼ ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው መጥተው «ስንት ለስንት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ፔንስልቬንያ በእኛ አገር ሕዝብ ተወካዮቹን፣ ተወካዮቹ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን እንደሚመርጡ፣ የሁለት ሦስተኛ ድምፅም እንደሚያስፈልግ አብራራ። «ታዲያ ያንን የአሜሪካውን ያን ያህል የሚያስጮህህ ምኑ ነው?» አሉት። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

በማግስቱ የቤንዚን ዋጋ ከ90 ብር ተሻገረ። ሁለቱ ነገሮች እንደማይገናኙ አውቃለሁ፤ የእኛ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ነዳጅ ማደያ ድረስ አይደርስም። ሆኖም የሚኒባሱ ረዳት እስከ ቃሊቲ የሚያስከፍለውን ጨምሮ ሲጠይቀኝ «ማን ጨመረው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ነኝ የመረጥኩት?» ብሎ መለሰልኝ። ከእርሱ ጋር መከራከር ይቻል ነበር፤ ግን መልሴን ሳይሰጠኝ ሊወርድብኝ ስለሚችል ዝም አልኩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያን ምሽት ከየፎቁ ያወረደን የአሜሪካ ፍቅር አይደለም። የኪሳችን ነገር ነው። ስለ ኪስ ሲያማርሩ የሚወቅሱት ሰው ቅርብ ከሆነ ጣጣ አለው፤ ነገ ለመታወቂያ እድሳት ደጁ መጥናት ይመጣል። ዋሽንግተን ግን ሩቅ ናት፤ ብትሰማም አትቀየምም። ስለዚህ እዚህ የታመመውን ሆዳችንን ኦሃዮ ድረስ ወስደን እናሳክመዋለን።

ለምሳሌ ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን ጎረቤታችንን ውሰዱ። እኅቷ ከቨርጂኒያ በየወሩ 200 ዶላር ትልክላት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ሰፈሩ ሲደነግጥ እርሷ ብቻ ተደሰተች። ገንዘቤ እጥፍ ሆነ ብላ በሐሳቧ ማቀዝቀዣ ገዛች፤ በሐሳቧ ሳሎን ውስጥ የት እንደምታስቀምጠው እንኳን ወስናለች። እኅቲቱ ግን ዜና ትከታተላለች። በመስከረም የመጣው 100 ዶላር ነበር። «ያው በብር ሲመነዘር ምንም አልጎደለብሽም» አለቻት በስልክ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ስለ ቨርጂኒያ የቤት ኪራይ፣ ስለ እዚያ የሥጋና የእንቁላል ዋጋ ከማንኛውም አሜሪካዊ መራጭ በላይ መጨነቅ የጀመረችው። ለእርሷ ትክክለኛው ፕሬዚዳንት እኅቷን ወደ 200 የሚመልሳት ነው። ፓርቲው አይገዳትም።

ከሱቁ ጎን ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ የምትሸጠው ልጅ ደግሞ የለየላት የትራምፕ ደጋፊ ነበረች። ቀድሞ ወደ አሜሪካ የሚላክ ሸሚዝ በሚሰፋበት ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የባይደን አስተዳደር ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣ፤ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ሸሚዝ ቀረጥ መጣበት፤ ትዕዛዝ ቀነሰ፤ እርሷም ወደ ድንች ተዛወረች። «ማንም ይሁን፣ እነርሱን ያስወጣልኝ» ትላለች ድንቹን እየላጠች። ቢላዋውን አያይዟን ያየ ሰው አይከራከራትም።

ጋሼ ግን ተከራከሯት። በቤታቸው ሳጥን ውስጥ የህዳሴው ግድብ የቦንድ ወረቀት አለ፤ ባለ 500 ብር። ትራምፕ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ብለው መናገራቸውን ጋሼ በሬዲዮ ከሰሙ ወዲህ አልረሱም።

«የእኔን 500 ብር ሊያፈነዳ ያሰበ ሰው ነው የምትመርጪው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ 500 ብር በሲሚንቶ ውስጥ አለ። የእኔ ደመወዝ የት አለ?»

«አሁን ድንች አልሸጥሽም?»

«ድንች ለአሜሪካ አይላክማ!»

ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ፔንስልቬንያ ገላጋይ ሆኖ፣ ድምፅ የምትሰጡ ይመስል አትጣሉ አላቸው። ሁለቱም እርሱ ላይ ዞሩበት። ዲቪ የሞሉት ወጣቶች ጉዳይ ያው የታወቀ ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ጥቅምት 28 ስለነበር፣ ትራምፕ እኤአ በ2017 ዲቪ ይቁም ማለታቸውን የሰማው ሁሉ ፎቶ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ነበር።

የእንቁላሉ ሒሳብ ግን በጥቂቱ የሚታለፍ አይደለም። አሜሪካውያን ስለ እንቁላል ውድነት እንደሚያማርሩ ፔንስልቬንያ ሲነግረን፣ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። ያን ሰሞን እዚያ አንድ ደርዘን እንቁላል ከ3 ዶላር በላይ ነው። ዶላሩ በ120 ብር ገደማ ሲባዛ አንዱ እንቁላል 30 ብር ያልፋል። የእማማ እንቁላል 15 ብር ነው።

«ይኸው! እኛ በግማሽ ዋጋ ነው የምንበላው!» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ የበለጥንበት ነገር ተገኘና ሁላችንም ትንሽ ቀና አልን።

ጋሼ ቀና አላሉም። «እዚያ ዘበኛ በሰዓት ስንት ያገኛል?»

የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እኤአ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ፔንስልቬንያ አካፈለ። አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሁለት ደርዘን እንቁላል ይገዛል። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የጋሼን ወርኃዊ 4,500 ብር ለሠላሳ ሌሊት አካፈለ። የአንድ ሌሊት 150 ብር ሆነ። አሥር እንቁላል። ስልኩን ቶሎ ወደ ኪሱ ሊመልስ ሞከረ፤ ጋሼ ግን ቁጥሩን አይተውታል።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ አሥር እንቁላል» አሉ ቀስ ብለው። «ዶሮዋ ትሻለኛለች። እርሷ ቁጭ ብላ ነው።»

ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ዝምታውን ለመሙላት ይመስለኛል፣ ፔንስልቬንያ የአሜሪካ የዋጋ ንረት እኤአ በሰኔ 2022 ወደ 9 ነጥብ 1 በመቶ ደርሶ እንደነበርና ሕዝቡ ይህን ለገዢዎቹ ይቅር እንዳላለ ተናገረ። በዚያው ዓመት የእኛ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን «ዘጠኝ ነጥብ አንድ!» ብላ እንደ ሠርግ ወሬ ደጋገመችው። «ይህን አግኝተው ነው የሚያኮርፉት?» አሜሪካውያን ትዕግሥት እንደሌላቸው በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ያን ምሽት አንድ ድምፅ የሆንንበት ብቸኛው ጉዳይ ይህ ነበር። እማማ በዚህ መሐል ከሳሙና ካርቶን ክዳን ቀደው በእስክሪብቶ የሆነ ነገር ይጽፉ ነበር። የግዛቶቹን ድምፅ የሚመዘግቡ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

ከዚያ ትልቁ ጉድ ተገለጠ። የመጀመሪያዎቹ ምርጫ ጣቢያዎች የሚዘጉት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ የጠዋቱን አውቶቡስ ለመያዝ አሥር ሰዓት ተኩል መነሣት አለብን። ለዴሞክራሲ የነበረን ጽናት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ዘለቀ። በርጩማዎቹ ገቡ፤ ሻማዎቹ ሳይለኮሱ ተመለሱ፤ ሁሉም ወደየፎቁ ወጣ። እስከ መጨረሻው የጠበቁት ጥበቃው ብቻ ነበሩ።

ጎሕ ሳይቀድ ስወርድ ጋሼን በጋቢያቸው ተጠቅልለው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ማን አሸነፈ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌባ አልመጣም» አሉኝ።

ቁርጡ ከመጣ በኋላ ያለው ሁሉ የታወቀ ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ የትራምፕን አሸናፊነት ያወጀው በእኛ ሰዓት ከቀኑ ሰባት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ እኔ ቢሮ ውስጥ የፆም ሽሮ ፊት ነበርኩ። ከሒሳብ ክፍል ያለች ባልደረባዬ ዜናውን ጮክ ብላ አነበበች፤ አንዱ «ለእኛ ጥሩ ነው» አለ፤ ሌላው «ለእኛ መጥፎ ነው» አለ፤ ሦስተኛው «ለእኛ የሚለው የትኛውን እኛ ነው?» ብሎ ጠየቀና ሽሮው ቀዘቀዘ። ሰባቱም ግዛቶች ለትራምፕ ሆኑ፤ ሲኒውም፣ ክብሪቱም፣ ስኳር ዕቃውም። መጨረሻው 312 ለ 226 ነበር።

ማታ ስመለስ ድንች ሻጯ ድል አድራጊ ትመስላለች፤ ለአንድ ሳህን ሦስት ድንች ጨምራልኝ ነበር፣ በኋላ ሁለቱን መለሰች። ፔንስልቬንያ በርጩማው ላይ ጭብጥ ብሎ ተቀምጧል። ፔንስልቬንያ በፔንስልቬንያ ተሸነፈ የሚለውን ቀልድ ከእኔ በፊት አሥር ሰው ሳይነግረው አልቀረምና ዝም ብዬ ሰላም አልኩት።

«እማማ፣ አምስት እንቁላል።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው ልጄ።»

«ለሕፃኗ ነው።»

«ሰማንያ ብር።»

«ትናንት አሥራ አምስት አልነበረም እንዴ?»

«ትራምፕ አሸነፈ እኮ! ዶላር ይጨምራል እያሉ ነው።»

የእንቁላሉ ትሪ ላይ የተሰካውን የሳሙና ካርቶን ቁራጭ ያየሁት ያኔ ነው። በወፍራም እስክሪብቶ 16 ይላል።

«እማማ፣ ይህን የጻፉት ትናንት ማታ ነው። ገና ማንም አላሸነፈም ነበር።»

እማማ ወደ በርጩማው ዘወር ብለው መምህሩን በአዘኔታ አዩት።

«ታዲያ እርሱ ሁለት ወር ሙሉ ሲተነብይ ከረመና ሳተ» አሉኝ፤ «እኔ አልሳትኩም።» እንቁላሎቹን አንዱ ከአንዱ እንዳይጋጭ በአሮጌ ጋዜጣ እየለዩ በፌስታል ከተው ሰጡኝ።