በገዛ እጅ ጽሑፌ "ተራሽን ጠብቂ" ተባልኩ

ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። እጄ የካሮትና የራሰ ካርቶን ሽታ አለው፤ ይሽተት። ከታጠብኩ ንዴቱ ይበርድልኛል፣ ከበረደልኝ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው "ይሁን፣ ምን ቸገረኝ፣ ወደ አገሬ ልሄድ አይደል" ብዬ እተኛለሁ። ዛሬ አልተኛም።

እዚህ ጀርመን፣ ላይፕዚግ፣ ለቸገረው ምግብ በምናድልበት ማደያ የመጣችው ያቺ አዲሷ ሴትዮ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ በቀረሁባቸው ሳምንታት የገባች ጡረተኛ ናት፤ አታውቀኝም፣ አላውቃትም። እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም። በጓሮ በር ገባሁ፣ ኮቴን ሰቀልኩ፣ ሽርጤን ገና ሳላጠልቅ መኪናው ያራገፈውን የቲማቲም ሣጥን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ሣጥኑ አልነሣ አለኝ። ቀና ስል በሌላው ጫፍ እሷ ይዛዋለች።

"አይ፣ አይ፣ አይ። ይኼ አይነካም።"

"እዚህ ነው የምሠራው" አልኳት፣ በጥርት ባለ ጀርመንኛ።

"እደላው የሚጀምረው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት። ሰዓት።" የእጅ ሰዓቷን በጣቷ እየመታች አሳየችኝ።

"አውቃለሁ፤ እኔ እኮ . . ."

"ካርድ አለሽ? ካርድ?" በአየር ላይ አራት ማዕዘን ሣለችልኝ፤ ካርድ ምን እንደሚመስል ግራ እንዳይገባኝ።

ውጭ ከተሰለፉት መካከል አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት፣ ያቺ ጥርሷ ስለማይችል ሁልጊዜ ለስላሳ ዳቦ የማስቀምጥላት፣ በበሩ አንገቷን አስግጋ "እሷ እኮ የእናንተው ናት!" ብላ ጮኸችልኝ። ማን ይስማት! ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ምስክርነት አይቆጠርም። ሴትዮዋ ክርኔን ያዘችና በእርጋታ፣ ልክ የጠፋ ሕፃን ወደ እናቱ እንደሚመራ ሰው፣ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ታውቃላችሁ። ዐረብኛው አለ፣ ዩክሬንኛው አለ፣ ትግርኛው አለ። ከታች አማርኛው አለ፦ "እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ። ካርድዎን በእጅዎ ይያዙ። ሣጥኖቹን አይንኩ።"

"ይኸው፣ በቋንቋሽ ተጽፎልሻል" አለችኝ።

እኔ ነኝ የጻፍኩት! "ይጠብቁ" የሚለው ላይ ስደርስ ጥቁሩ እስክሪብቶ አልቆብኝ፣ "ጠ"ን በጥቁር ጀምሬ በሰማያዊ ጨርሻታለሁ። ሁለት ቀለም ያላት "ጠ" ግድግዳው ላይ ሆና ታፈጥብኛለች። እኔም አፈጠጥኩባት። ሴትዮዋ ዝምታዬን በሌላ ተረጎመችው መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳላፍር ተጠንቅቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ማንበብ ትችያለሽ?"

እስኪ አሁን ምን ይባላል! ከጥቂት ሳምንታት በፊት አምስት ሰው ፊት ቆሜ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሳስረዳ የነበርኩ ሰው፣ ማንበብ ትችያለሽ ተባልኩ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ፈገግ አለች። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችና "ጎበዝ! ጀርመንኛሽም በጣም ጥሩ ነው" አለች። ከዚያ ግራ ቀኝ ገላምጣ፣ የምግብ መጠቀሚያ ቀኑ ትናንት ያለፈ ባለ እንጆሪ እርጎ እጄ ላይ አስቀመጠችና ጠቀሰችኝ። ለሌላው እንዳታሳዪ ማለቷ ነው።

በላሁት። ምን ላድርግ፣ ርቦኝ ነበር።

አስተባባሪዋ ስትመጣ ነገሩ ተጣራ፤ ሴትዮዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ እሺ። እኔን ያቃጠለኝ የአስተባባሪዋ ነው። ወደ ጥግ ወስዳ "አትቀየሚያት፣ ልቧ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በቀሩሽ ቀናት ሥራውን ብታለማምጃት" አለችኝ። ሰምታችኋል? አለማመድኳት! መንደሪን በመረብ ሲመጣ አንዱ ከበሰበሰ መረቡ ተቀድዶ፣ የበሰበሰው ተጥሎ፣ የቀረው ታጥቦ እንደሚደረደር አሳየኋት። ቅጠሉ የጠወለገ ሰላጣ የላዩ ተልጦ ልቡ እንደሚወጣ አሳየኋት። ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈች። መጥፎ ሰው ብትሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! መጥፎ ሰው ላይ መጮኽ ይቻላል።

ይህ ምግብ የማደል ነገር እኮ በ1993 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሴቶች ተሰባስበው የጀመሩት ነው፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ900 በላይ ቦታ ላይ አለ። ከየሱፐርማርኬቱ ሳይሸጥ የቀረውን ሰብስቦ ለቸገረው መስጠት፣ ይኸው ነው ሥራው። እዚህ የሚሠራው ሰው ማን ነው፣ የሚሰለፈው ማን ነው የሚለው ግን ለብዙ ሰው መልክ አይቶ የሚለይ ነገር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤሰን ከተማ ያለው ማደያ የውጭ ዜጋ በዝቷል ብሎ ለጥቂት ወራት አዲስ የሚመዘግበው የጀርመን መታወቂያ ያለውን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የአገሪቱ መራሂተ መንግሥት የነበሩት ሜርክል ሳይቀሩ ተቃውመውታል። እኔ ያን ዜና ሳነብ አዲስ አበባ ሆኜ "አይ ፈረንጅ" ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ሣጥን ይዤ ስጓተት ትዝ አለኝ።

ደግሞ ማንም ጀርመናዊ አይሰለፍም እንዳትሉ። ጡረታዋ የማይበቃት አሮጊት ስንት አለች መሰላችሁ! ባለ ጎማ ዘንቢሏን ይዛ፣ ሊፕስቲኳን ተቀብታ፣ ጎረቤት እንዳያያት ዙሪያ ጥምጥም ዞራ የምትመጣ። እነሱን ማንም "ማንበብ ትችያለሽ" አይላቸውም፤ እነሱ የሚሰቃዩት በሌላ ነው።

ቤት ስገባ ደግሞ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ወረቀት በሬ ላይ ሰክቶ ጠበቀኝ። ቤት ከመልቀቅ በፊት የሚደረገው፣ ቅድመ ፍተሻ የሚሉት ባለፈው ተደርጎ አልነበር? ያን ቀን የእጅ ባትሪ ይዞ መጥቶ ምድጃው ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ አየ፣ ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳ ቆጠረ፣ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አሸተተ። እየቀለድኩ አይደለም፣ አሸተተ። "ምን ነበር የምታበስይው?" አለኝ። ሽሮ አልኩት። ሽሮ ምን እንደሆነ ሳስረዳው "ቀለም መቀባት አለበት" ብሎ ጻፈ። በአገሩ ሕግ የቤት ማስያዣ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ድረስ ነው፤ ያ ማለት የእኔ የአንድ ወቅት ዕድሜ እሱ እጅ ነው። መቼ ይመለስልኛል? የማሞቂያና የውሃ ሒሳብ ሲዘጋ። መቼ ይዘጋል? ትከሻውን ነቀነቀ። ገንዘቡ የት ይላካል? እዚህ አገር ባለ የባንክ ሒሳብ። የባንክ ሒሳቤ አገር ስለቅ ይዘጋል እኮ! እሱ አይመለከተውም።

ይኸው ሰውዬ ነው ቡና ስቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕንፃው በሙሉ በቤት ልብስ ደረጃው ላይ የወጣ ጊዜ "ቡና የተቆላ ይሸጣል" ብሎ የመከረኝ። የቆሻሻ ከረጢቴን ከቢጫው የማሸጊያ ገንዳ አውጥታ በሬ ላይ ያስቀመጠችው ጎረቤቴስ? የእርጎ ክዳን ከዕቃው አልተለየም ብላ!

ከከተማዋ የነዋሪዎች መዝገብ መሰረዝም አለላችሁ። ከመውጣት አንድ ሳምንት ሲቀር ነው የሚቻለው፣ ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ "ገና ነው" ትባላላችሁ። ተብያለሁ። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ የጤና መድኑ አይቋረጥም፣ ቴሌቪዥን ሳይኖረኝ በወር 18.36 ዩሮ የምከፍለው የብሮድካስት ክፍያም አይቆምም። ስገባ ለመመዝገብ አለቀስኩ፣ ስወጣ ለመሰረዝ ላልቅስ?

አክስቴ ከዋሽንግተን በዚህ መሀል ትደውላለች። "አንቺ ልጅ፣ ለተመራቂ የ18 ወር የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ይሰጣሉ እየተባለ ምን ነክቶሽ ነው የምትመለሺው?" እትዬ፣ አጎቴ አገር ቤት የላከኝ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ትመለሳለች ብሎ ዋስ ሆኖ ፈርሟል! እኔ ብቀር ደመወዜን እያሰሉ ከጡረታው ሊቆርጡበት ነው። "እሱ ሁኔታሽ ይገባዋል" ትላለች። ምን ይገባዋል? አጎቴ በደርግ ጊዜ እዚችው ላይፕዚግ ተምሯል፣ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ካርል ማርክስ ይባል በነበረበት ዘመን፤ ጀርመንኛውንም የተማረው እዚሁ ሄርደር ተቋም ነው። ለእሱ ላይፕዚግ ማለት የወጣትነቱ ከተማ ናት፤ "ሰዎቹ እንዴት ናቸው፣ እንግዳ አክባሪ እኮ ናቸው" ይለኛል በየስልኩ። ታዲያ ለዚህ ሰው የዛሬውን በምን አፌ ልንገረው? "ደህና ናቸው ጋሼ፣ ሰላም ብለውሃል" እላለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልምጣ። አዎ፣ ወደ እናንተ ወደ ወዳጆቼ። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እናቴ ብርድ ልብስ ትፈልጋለች፣ የአክስቴ ልጅ ጫማ ቁጥሩን ልኳል፣ ደሴ ያለች ጎረቤታችን የፕሬዠር ድስት ስም ጽፋልኛለች፣ በፎቶ ጭምር። ይህ ሁሉ ሳያንስ "ትንሽ ፖስታ ነች፣ ለእናቴ" እያላችሁ የምታመጡት ምንድን ነው? ትናንት አንዱ "ትንሽ ፖስታ" ብሎ ያስቀመጠልኝን መዘንኩት፤ ስድስት ኪሎ! ውስጡ ቸኮሌት፣ ሁለት ጥንድ ስኒከርና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት! ኦሞ ከኢትዮጵያ ምድር ጠፋ እንዴ?

ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ቤት በሁለት ሻንጣ አጣጥፌ፣ ባሕር ማዶ ያሳለፍኩትን ሁሉ ትቼ ስሄድ ስለ መሄዴ አንድ ሰው እንኳ በወጉ አላወራኝም። ሁሉም የሚያወራኝ ስለ ኪሎ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ቁልፍ ነው። የማደያው ሰዎች የሽርጡን ማስያዣ አሥር ዩሮ ለመመለስ ደረሰኙን ጠይቀውኛል። ደረሰኝ የለኝም፤ ይውሰዱት።

የኤሌክትሪክ ምጣዱን እስከ ዓርብ የፈለገ ይምጣና ይውሰድ፤ አንድ እግሩ ይወዛወዛል፣ ካርቶን አጥፋችሁ ከሥሩ ብታስገቡለት ይጋግራል። የቡና ሙቀጫውን ቃል ገብቻለሁ፣ አትጠይቁኝ። በርበሬው ሁለት ኪሎ ያህል አለ፣ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ፖስታ ይዞ የሚመጣ ግን በሩን አልከፍትለትም፣ የተቆጣጣሪውን ስልክ ነው የምሰጠው።